ሰማይ ይይህ

«ሐይቁ ውስጥ ነህ» አለችኝ ደንበኛዬ ከዳቶ፤
«ባጃጅ ነበር የጠራሁት፣ ጀልባ መጣ ወይ ተሳስቶ?»

እኔ ግን ቆሜያለሁ መናኸሪያው በር ላይ፣
ጎማዬ አቧራ ለብሶ፣ ውሃ የሚባል ሳያይ።
ሰማያዊዋ ነጥብ ናት፣ እኔን ጥላኝ ሄዳ፣
ከአሞራ ገደል ማዶ የምትዋኘው ባዳ።
በዙሪያዋ ያ ክብ፣ ታቦርን ከነአናቱ ውጦ፣
ግማሹን ከተማ ሰልቅጦ፣
«እዚህ አካባቢ ነው» ይላል፣ እንደ ፈሪ ምስክር አምጦ።

ስልኩን ዘጋችው። ዱካሞ ወሰዳት።

ወይንሸት ጋ ሄድኩ፣ አቶቴ፣ ከቆርቆሮዋ ሱቅ፤
አንድ ዓይኗን ጨፍና ነው ሁሉን የምታየው፣ ሳትስቅ።
«ይህ ማግኔት ምን ይሠራል? ይህስ የብረት ልባስ?
ኮምፓሱን አሳበድከው፤ አውልቅለት፣ ይተንፍስ።
ዳታውንስ ለምን ዘጋህ?»
                    «ካርድ ይበላል።»
                                        «ይብላ!
ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ ወሬውን ሰምቶ ይነሳ እንጂ፤
ያለ ወሬ የወጣ ስልክ ሰማዩን በየበሩ ያንኳኳል፣
አንተ ትቸኩላለህ፣ እሱ ገና ይቆጥራል።»

ከዚያ ዝም አለች።
ሰዓቱን አየች። የእጇን አየች። መልሳ ሰዓቱን አየች።
«ከጠዋቱ አራት ነው፤ ስልክህም አራት ይላል።»
«ታዲያ ልክ አይደል?»
«ለእኔና ለአንተ ልክ ነው፤ ለሰማይ ግን ስድስት ሰዓት ተሳስቷል።»

አጎቴ ሹራሞ ነው፣ ነፍሱን ይማርና፣
የኢንዱስትሪ ፓርኩን በር ሌሊት ሲጠብቅ የኖረ፣
«ፀሐይዋ አራት እያለች ይሄ አስር ይለኛል!
የሰው ሰዓት ይቁጠርልኝ» ብሎ በጣቱ ያዞረ።
ስልኩን ስወርስ ሰዓቱንም ወረስኩ። አልነካሁትም።
ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ለካ ይህ ምስኪን ስልክ፣
ሰፈር የለቀቁ ሰዎችን
በድሮ ቤታቸው በር ቆሞ ሲጣራ ነው የከረመው።

«ላስተካክለው?» አለች፣ ጣቷ መስታወቱ ላይ ቀርቶ።
ከጣሪያው በላይ አባ ኮዳ ቆርቆሮውን በጥፍሩ ይፍቃል።
«አስተካክይው» አልኩ፣ ድምፄ ከእኔ ቀድሞ ወጥቶ።

አራቱ አስር ሆነ።
አንድ ሰው ከጎኔ ከወንበሩ ተነስቶ የወጣ መሰለኝ።

«አሁን ከጣሪያ ስር ውጣ፤ ከዋርካም ስር፣ ከፎቅም ጥግ፤
መፈለጉን ለእሱ ተወው፣ አንተ ቁም እንጂ አትፈልግ።
የመጀመሪያዋን ደቂቃ አትንዳ። ሰማይ ይይህ።»

መቆም? እኔ?
ከጥቁር ውሃ እስከ ሪፈራል ስበር የምውል፣
ምሳዬን እንኳ ሞተሩን ሳላጠፋ የምጎርስ?

ፍቅር ሐይቅ ዳር ወጣሁ፣ ዛፍ ከሌለበት፣
ሞተሩን አጠፋሁ። ጆሮዬ ጭር አለበት።
ስልኩን በመዳፌ ይዤ፣ ፊቱን ወደ ላይ፣
እንደ ለማኝ ሳይሆን፣ ሕፃን እንደሚያስመርቅ ሰው።
አንዱ ዘንግ አረንጓዴ ሆነ። ቆይቶ ሁለተኛው።
ከአላሙራ በላይ ነው መሰለኝ፣ ሦስተኛው።
ከዚያ ምንም።
ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ያራግፋሉ፤ አንዱ «ምን ጠፋብህ?» አለኝ።
«እኔ» አልኩት።

አራተኛው መጣ።
ክቡ ታቦርን ተፋ፣ ከተማውን ተፋ፣ ጠበበ፣ ጠበበ፣
ነጥቧም ከውሃው ወጣች፣ አንዲት ጠብታ ሳይነካት፣
መጥታ እግሬ ስር ቆመች።

አስር ሰዓት ከአርባ ይላል ስልኩ። ይበል።
አጎቴ ሆይ፣ እሱ ለሰማይ ይቁጠር፤
ስድስቱን ከእንግዲህ የምቀንሰው እኔ ነኝ፣
በሆዴ፣ በየቀኑ፣ ማንም ሳይሰማኝ።

ስልኩ ጮኸ። ያቺው የዳቶ ሴት፣ ለመልስ ጉዞ።
«አሁንስ ከሐይቁ ወጥተሃል» አለች።
«ወጥቻለሁ» አልኩ፤
«ልብሴ እስኪደርቅ ነው የቆምኩት።»