ስድሳ ሰባት ዲግሪ

ኅዳር ነው፤ ሳስካቱን፤ ሃያ ከዜሮ በታች፤
ጋራዡን ለቢራ ለቀቅን፥ መኪናዬ በረዶ ለበሰች።
ጎረቤቴ ኦረስት፥ የእህል ጎተራ መካኒክ፥ ጡረታ የወጣ፥
አምስት ኪሎ ብቅል በባልዲ ይዞ መጣ።

«ዱቄት አይደለም የምንፈልገው» አለኝ ወፍጮውን እያዞረ፥
«ቅርፊቱ እንዳለ ይቅር፥ ፍሬው ብቻ እየተሰበረ።»
እኔ ግን ቸኩያለሁ። እጀታውን ተቀበልኩት፥
የወፍጮውን ጥርስ አጥብቄ እንደ በርበሬ አላምኩት።

ዕቃችን ይኸው ነው፦ የሽርሽር በረዶ ሳጥን፥ ከሆዱ ቧንቧ የወጣለት፥
ለቱርክ ዶሮ የተገዛ ድስት፥ አንድ ቀን ብቻ የሠራንበት፤
ተንሳፋፊ ብርጭቆ፥ እሽግ እርሾ፥ ከባለቤቴ የሰረቅኩት ማማሰያ፥
እና አንድ ቴርሞሜትር፥ በቅናሽ የተገኘ፥ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ።

«ስድሳ ሰባት» አለ ኦረስት፥ ጣቱን እንደ ዳኛ አንስቶ፥
«ከዚያ ካለፈ እርሾው ጣፋጩን ይተወዋል፥ ሳይበላ፥ ፈርቶ፤
ከወረደ ደግሞ ይግጠዋል፥ ሥጋም አጥንትም አይቀር።»
ቴርሞሜትሬ ስድሳ ሰባት አለ። ለምን ይዋሽ ነበር?

አንድ ሰዓት ጠበቅን። ሽታው ዳቦ ነው፥ እርጥብ ሣር ነው፥ እስቲ ምን ልበለው፥
የሞተር ዘይቱን ጠረን ከጋራዡ ያስወጣው።
ቧንቧውን ስከፍት ጠብ፥ ጠብ... ከዚያ ዝም።
በርበሬ ያስመሰልኩት ብቅል ተጋግሯል፤ አንዲት ጠብታ አይሰጥም።
ኦረስት አልተቆጣም። ተንበረከከ። አፉን ከቱቦው አገናኘ፥
ነፋ፤ ሳጥኑ እንደ ላም ሆድ ጮኸ፤ ማር የመሰለው ውሃ መንገድ አገኘ።

ስድሳ ደቂቃ ማፍላት ነው። ሆፕሱን፥ የፈረንጅ ጌሾውን፥ ጣልኩ፥
ስልኬ ጠራ። ድስቱ ገንፍሎ ምድጃውን ዋጠው፤ ከወለሉ ጋር ተጣበቅኩ።
«ከዕቃው ሁሉ ዋናው» አለ፥ «ወንበር ነው። ቁጭ ብለህ የምታይበት።»
ማቀዝቀዣ አልገዛንም፤ ድስቱን በረዶ ላይ አኖርነው፥ ስድስት ክረምት ባማረርኩበት።

ከዚያ በኋላ ማጠብ ነው። ባልዲ፥ ቱቦ፥ ማንኪያ፥
ደግሞ ማጠብ። «ሁሉም ጠማቂ ነኝ ይላል፤ ዕቃ አጣቢ ነው፥ መጀመሪያ።»

ሦስት ሳምንት በቁም ሳጥን። ተንሳፋፊዋ አልወርድም አለች፤
እኔም ለምን አላልኳት፤ ስናሽግ ጥግ ይዛ አየች።
ሁለት ሳምንት በጠርሙስ።
ቆርኪውን ስከፍት፦ ትስስ።

ኦረስት ቀመሰ፤ አጣጣመ፤ ጣሪያውን አየ።
«ሽሮፕ» አለ። ብቻ ጠጣው፤ ብርጭቆው ውስጥ ምንም አልቆየ።

ማታ ቴርሞሜትሩን የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፦
ዘጠና ሦስት። ፍንክች የለም። ደግሜ አየሁት።
ያ ውሸታም! በአምስት ዲግሪ!
ደብተር አወጣሁ፦ «ብቅሉን አታልም። ወንበር።»
ገጹ አናት ላይ ስሜን ጻፍኩ፥ ከሥሩም፦ ጀማሪ።