ሁለት መርፌ

ሁለት መርፌ አለኝ፤ አንዱ የእንጀራዬ፣
ሌላው የእንጀራ ጠላት፣ የሆዴ ማሰሪያዬ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ገበያ፣ ደረቴ ላይ ተሰክቶ
ሲፈለግ ይውላል፣ እዚያው እኔው ላይ ተረስቶ።
ሁለተኛውን እህቴ ላከች፣ ከዱባይ፣ በፔርሙዝ በረዶ ታዝሎ፣
አዘዞ ድረስ ወርዶ ወንድሜ ተቀበለው፣ “የስኳር ነው” ብሎ።

ማቀዝቀዣ የለኝም። እትዬ አንጓች
ከድንችና ከወተቷ መሀል ታስቀምጥልኛለች፤
መብራት ሲጠፋ ደውላ
“መርፌሽ ሊሞቅ ነው፣ ነይ!” ትለኛለች።

እንክብሉ ሌላ ነው። የሆስፒታሉ ሐኪም የሰጠኝ፣
በሠላሳ ስምንት ዓመቴ “ሰነፍ አይደለሽም” ያለኝ።
ከልጅነቴ ጀምሮ “ቀልበ ቢስ” ነበር ስሜ፤
ሦስት ቀሚስ ጀምሬ፣ አንድ ሳልጨርስ ያለቀ ዕድሜ።

እንክብሉን ስውጥ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ገበያ
ሸራውን ጠቀለለ፤ አለቀ ጥሪው፣ አለቀ ግፊያ።
የሙሽራዋን ጥልፍ ባንድ ቁጭታ ጨረስኩ፣
ክሩን በጥርሴ በጥሼ
ሱቁን ዘግቼ አለቀስኩ።

ለሐኪሙ ስለ መርፌው አልነገርኩም፣
ለእህቴም ስለ እንክብሉ ትንፍሽ አላልኩም።
እያንዳንዱ ለብቻው ጨዋ እንግዳ ነበረ፤
ሁለቱ ባንድ ሲያርፉ ግን ምድጃዬ ጾሙን አደረ።

ረሃብ ቤቱን ለቀቀ። ኪራይ እንዳለቀበት ተከራይ
ሳይሰናበት፣ ቁልፉን ጥሎ መስኮቱ ላይ።

መርፌው ረቡዕ ረቡዕ ነው። “ጾመኛ ሆንሽ” ይሉኛል።
ጾም እኮ ረሃብ ይፈልጋል፣
የሚመልሱት ጉርሻ፣ የሚጠብቁት ሰዓት ይፈልጋል።
ያልተመኙትን መተው
ለእግዜርም አይሰጡትም።

እናቴ፣ በሰባ ሰባት፣ ዱቄት በሲኒ የለካች፣
ለእኛ አካፍላ “በልቻለሁ” ብላ አፏን በውሃ ያበሰች፣
ልጇ አለመራብን በድርሃም ስታስገዛ ብታይ
ትስቅ ነበር ወይስ ዝም? እንጃ።
ሲኒው አሁንም አለ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ።

ደንበኞቼ “አማረብሽ!” አሉ። ሜትሩም አላቸው እውነት።
የራሴን ቀሚስ አራት ጊዜ አጠበብኩት፣ ስፌት ላይ ስፌት።

ከፋሲካ በኋላ፣ ከፒያሳ ቁልቁል፣ ጨርቅ ተሸክሜ፣
ልቤ የስፌት መኪና ሆነ፣ ማን እንደሚረግጠው ሳላውቅ ቆሜ፤
ክር የለው፣ ጨርቅ የለው፣ ዝም ብሎ መርገጥ፣ መርገጥ፤
የግንቡ አጥር ዘንበል አለ፣ ድንጋዩ ጀመረ መቅለጥ።

ጤና ጣቢያ፣ ሲስተር ትብለጥ ክንዴን አስራ እየለካች
“ዛሬ ምን በላሽ?” አለች።
አሰብኩ።
“ትናንትስ?” አለች።
ቦርሳዬን ገልብጣ መርፌውንና እንክብሉን ጎን ለጎን አስቀመጠች።
“እነዚህ ይተዋወቃሉ?”
“አይ።”
“አንቺ ውስጥ ግን ተገናኝተዋል። አንዱ ሆድሽን ያስተኛል፣
ሌላው ልብሽን ይቀሰቅሳል፤ ሁለቱም ‘ብዪ’ የሚልሽን አስወጥተው
በር ዘግተዋል።
ሂጂና ለሐኪምሽ ሁለቱንም ንገሪ። ግማሹን አይደለም።”

ነገርኩ። ግማሽ መንገር ለምዶብኝ፣ ሙሉው አፌ ላይ ከበደ።

አሁን ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮኻል።
እንቁላል እልጣለሁ፣ ቁልፍ እንደሚተክል ሰው፣
አንድ ጉርሻ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
እንደ ስፌት እየቆጠርኩ፣ እንደ ትእዛዝ እጨርሰዋለሁ።
እንክብሉ መጠኑ ቀንሷል። መርፌውን ሐኪሙ “ይቆይ” ብሏል፤
እትዬ አንጓች ጋ፣ ከድንቹ ጎን፣ በቦታው ቲማቲም ገብቷል።
ገበያው አንዳንዴ ይመለሳል፣ ጥቂት ሸራ ይዘረጋል፤
አንድ እጅጌ ሳይገጠም ያድራል።

ትናንት ከጎን ካለው ምግብ ቤት የሽንኩርት ቁሌት ሸተተኝ።
መቀሱን አስቀመጥኩ።
ደጃፉ ላይ አንድ ሰው ያለ መሰለኝ፤
ያው፣ ሳይሰናበት የሄደው።
አልገባም።
ግን፣ ሰው መኖሩን ለማሳወቅ እንደሚደረገው፣
አንዴ ሳል አለ።