ገመድ ያዥ

አባቴ ሲያወራ ስለዚያ ቀዝቃዛ ባሕር፣
ቅጥፈት ይመስለኝ ነበር።
«ከውሃው ሥር ጫካ አለ» ይላል፣
«ቅጠሉ ቡናማ፣ ቁመቱ ከዝግባ ይበልጣል፤
ሥሩ ድንጋይ ጨብጦ፣ ጫፉ ፀሐይ ይለምናል።
መሐሉ የሰመጠ መርከብ፣ ጎኑ የተቀደደ፤
በመስኮቱ ዓሣ ገባ፣ በበሩ ዓሣ ሄደ።»

ባሕር ኃይል ሳለ ለትምህርት ልከውት፣ ያውቃል ይህን ሠፈሩ፤
በኋላ ባሕሩም ሄደ፣ ኃይሉም ሄደ፤
ሂርማታ ላይ ብስክሌት መጠገን ሆነ ግብሩ።

ክረምት ነፋስ ሲነሣ፣ ከጓሮ እንሰቱ ሲወዛወዝ፣
ጎማ እንደያዘ እጁ ድርቅ ይላል፣ ሲተክዝ።
«እዪ፣ ልክ እንዲህ ነው» ይለኛል፣
የተተለተለው ቅጠል ባንድነት ወደ ግራ ሲያጎነብስ፣
ባንድነት ወደ ቀኝ ሲመለስ።
እኔ የማየው እንሰት ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ሙዘይን ከግድቡ መጣ።
«ጀልባችን ተገልብጣ ሞተሯ ከነነዳጁ ሰመጠ፤
የማኅበሩ ዕዳ ገና ነው፣ ግማሹም አልተቆረጠ።
ጠላቂ ነበሩ አሉኝ።»

አባቴ ሰባ ዓመቱ፣ ጉልበቱ የሚንቋቋ፣
ከበቆሎ በርሜል መነጽሩን አወጣ፣ ላስቲኩ የተንቃቃ፤
በብስክሌት መጠገኛ ሦስት ቦታ ለጠፈው።
አየሩን ከጎሚስታው ከራህመቶ ተከራየው፣
ኮምፕሬሰሩን፣ ቱቦውን፣ ራህመቶን ራሱን ጭምር።
እናቴ ከበሩ ቆማ፣
«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለች።
«ካገኘሁት ሰላምታሽን አደርሳለሁ» አላት።

ገመዱን ለእኔ ሰጠኝ፣ «አንዴ ከሳብኩ ደህና ነኝ፤
ሁለቴ ከሳብኩ ልቀቂ፤ ሦስቴ ከሳብኩ አውጪኝ።
ሌላ ቋንቋ የለንም።»
ከዚያ የግቤ ውሃ ዋጠው።

ግድቡ ሲሞላ ያልተቆረጡ ዛፎች
ጫፋቸው ደርቆ ከውሃው በላይ ቀርቷል፤
ባንደኛው ላይ እርኩም ቆሞ እኔን ያያል።
አንዴ ሳበ። ደህና ነው።
ሁለቴ ሳበ። ለቀቅሁ።
ከዚያ ዝም።

ኮምፕሬሰሩ ያጓራል። ራህመቶ ነዳጁን በእንጨት ይለካል።
የሙዘይን ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ይሁን ሒሳብ አላውቅም።
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ ይባላል፤
እኔን ያሳሳቀኝ ያ ጫካ፣ ያ የመርከብ በር፣
ሃያ ዓመት ሙሉ።

በድንገት፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣
ትንንሽ፣ ፈጣን፣
ቋንቋችን ውስጥ የሌለ።
«ሳቢ!» አለ ራህመቶ። «አንቺ፣ ሳቢ እንጂ!»
እጄ አልሳበም።
የጨነቀው ሰው እንዲህ አይነካካም፤
እንዲህ የሚነካካ
ሠርግ ቤት ውስጥ ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸም የሚያደርግ ነው።

ወጣ። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ ይስቃል።
«ሾላው ቆሟል» አለ፣ «ከነቅርንጫፉ።
ቀፎም አለበት፣ ያኔ የሰቀሉት፣ ከነልጡ ማሰሪያው።
ባትሪዬን ጠጋ ባደርግ
በንቦቹ በር አምባዛ ጢሙን አውጥቶ
እንደ ቤት ባለቤት አየኝ፤
ማንን ፈልገህ ነው? ሊለኝ።»

«ሞተሩስ?» አለ ሙዘይን።
«ሞተሩ? ... ከሾላው ሥር መሰለኝ። ለመጪው ቅዳሜ።»
ቢጫ ጀሪካን አሰሩበት፣ ለምልክት፤
ሦስት ቆሮሶ ሰጡን። የአይሱዙውን ኪራይ እንኳ አይሸፍንም።

አሰንዳቦን ስናልፍ ጠየቅሁት፦
«አምስቴ ምን ማለት ነው?»
ፎጣውን ከራሱ ላይ አላወረደም።
«አምስቴ» አለ፣ «እዪ ማለት ነው።
ልክ እንዲህ ነው፣ ማለት።»

ማታ ገመዱን ልብስ ማስጫው ላይ ሰቀልኩት።
ነፋስ አልነበረም፤ እንሰቱ ጸጥ ብሏል።
ጠብታውን መቁጠር ጀመርኩ፤
አምስት ላይ አልቆመም።