አንዲት ፊደል

ስምንተኛው ወረዳ፣ ግድግዳውን ጥይት የበላው፣
ግቢው እንደ ጉድጓድ፣ ፀሐይ ቀትር ላይ ብቻ የሚያየው፣
ሦስተኛው ፎቅ ጥግ፣ በሯ አረንጓዴ ነበረ።
ሌሊት ሲሆን ከዚያ ቤት የብረት ዝናብ ጀመረ፤
የጽሕፈት መኪናዋ። ታች ያለችው የግቢ ጠባቂ፣
ወይዘሮ ቱርቻኒ፣ የሁሉን ሳል እንኳ ዐዋቂ፣
በደብተሯ ትጽፋለች፦ «ቦድናር ኤትልካ፤ እስከ ስምንት ሰዓት ሌሊት።
ሥራው፦ አልታወቀም። እንግዳ፦ የለም። መብራት፦ አንዲት።»

የመጀመሪያ ልብ ወለዷ ከጦርነቱ ማግስት ታተመና
ሱቅ ሳይደርስ ተሰበሰበ፤ «ተስፋ የጎደለው» ተባለና።
ገሚሱ ተፈጭቶ ቦካ፤ ገሚሱ ሆነ መጠቅለያ።
መስከረም ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከአትክልት ገበያ
ግማሽ ኪሎ ፕሪም ገዛች። ሻጪቱ ጠቀለለችላት
በገጽ መቶ ዐሥራ ሁለት።
ቤት ገባች። ፍሬውን ሳህን ላይ ገለበጠች፣
ወረቀቱን በመዳፏ አስተካክላ ዘረጋች፣
ጭማቂ ባጠበው ቀለም መሐል ዐይኗ ሄደና
አንድ ነጠላ ሰረዝ አረመች፤ በእርሳስ፣ በጽሞና።
ከዚያ ፕሪሙን በላች።

ከዚያ ወዲህ የራሷን ቃል ማንም አልጠየቃትም፤
የሰው ቃል ግን አላጣችም።
ከሩሲያኛ ስለ ትራክተር፣ ስለ ግድብ፣ ስለ ከብት እርባታ፣
በገጽ ይከፈላት ነበር፤ ለኪራይ፣ ለከሰል፣ ለድንች ሾርባዋ ማታ ማታ።
እሷ ግን በሰው ማሳ ውስጥ የራሷን ዘር ሸሸገች፤
ትራክተር ነጂውን ሽማግሌ በእናቷ ዘዬ አናገረች።
አንባቢም በሞተር ታሪክ ዕንባውን ሲያብስ ዋለ፣
ምን እንደነካው ሳያውቅ፤ «ደግ መጽሐፍ ነው» እያለ።

ዘመን ጥቂት ሲላላ ሁለተኛውን ይዛ ቀረበች።
በውስጡ አንድ ሰው አለ፣ ቲሳ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሞ፣
ወይ ቆማ፣ ማታ ማታ የሚጠብቅ፤ ወይ የምትጠብቅ።
የማተሚያ ቤቱ ሹም፣ ጓድ ኬሬኬሽ፣ መነጽሩን ወልውሎ ጠየቃት፦
«ይህ የሚጠበቀውስ ሰው፣ ወንድ ነው ወይስ ሴት?»
«ቋንቋችን አይለይም፣ ጓድ። ምን ላድርገው?» አለችው በትሕትና፣ በዝግታ፣ በአንገት ስብረት።
እውነቷን ነው። በሀንጋሪኛ «እሱ»ና «እሷ» አንድ ናቸው፣
አንዲት ፊደል፣ «ኧ»፤ አፍ ከብቦ የሚተነፍሳቸው።
በዚያች ፊደል ውስጥ ሃያ ዓመት አንድ ሰው ደብቃ ኖረች።
ሹሙ ፈረመ። ጠባቂቱም ደብተሯን ዘጋች፤ አረጀች።

የካቲት ላይ ሞተች። አሳንሰሩ ተበላሽቶ
ሳጥኗ በደረጃ ወረደ፣ በአራት ጎረቤት ተነሥቶ።
የመጨረሻው ረቂቋ መታሰቢያ አለው፤ መነሻው ያቺው ፊደል።
እኔ ግን በአማርኛ ልጽፈው ስል ብዕሬ ቀጥ ይላል።
የኛ ግሥ ምሥጢር አይችልም፤ «መጣ» ቢል ወይም «መጣች»፣
ሃያ ዓመት የሸሸገች ሴት በአንዲት ጭራ ተጋለጠች።
ሦስት ሌሊት ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። በአራተኛው ትዝ አሉኝ፣
ልጅ ሳለሁ፣ እንግዳ ሲገባ፣ «አንቱ በል!» ብለው የቆነጠጡኝ።
በአክብሮት ውስጥ ወንድም ሴትም የለም፤ ሰፊ ነው መጠለያው።
ከራስጌው ላይ አኖርኩት፤ ይኸው፦

«እሳቸው ገና አልመጡም። ቆሜያለሁ።»