ዘረፋ

ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ከበረዶው በታች፣
ሄልቪ በመነጽሯ ላይ ሌላ መነጽር ደርባ ተቀምጣለች።
አን አርበር፣ ሚሺጋን፤ ጥር ከገባ ሰንብቷል፤
ማሞቂያው ያጓራል፣ መስኮቱ ጨልሟል።
ፊቷ ፓፒረስ አለ፣ መዳፍ የማይሞላ፣
ምስጥ የተወው ትርፍ፣ የአሸዋ አተላ፤
ሁለት ሺህ ዓመት ሬሳ ተገንዞበት፣
በአንድ ጎኑ የገብስ ዕዳ ተቆጥሮበት፣
በሌላው ስንኝ ሰፍሮበት።
ስንኙን የቋጠረው ስሙ የለም፤ ጠፍቷል፤
የባለዕዳው ስም ግን ከነአባቱ ተርፏል።

ሄልቪ ሰማንያ ሞላት። አባቷ መዳብ ቆፋሪ፣
ፊንላንድ የወለደው፣ በሰሜኑ ልሳነ ምድር በዝምታ ኗሪ።
እሷም እንደሱ ናት፤ ጉድጓድ ትወርዳለች፣
የሰው ቃል ቆፍራ፣ አቧራውን ጠርጋ ትወጣለች።
እኔ ረዳቷ ነኝ፤ መስታወት አጥባለሁ፣ ቁጥር እለጥፋለሁ፤
ድሮ ቅኔ ቤት ነበርኩ፤ ዘአምላኪየ ላይ ስደርስ ወጥቻለሁ።

"ና እስቲ" አለች፣ "ይችን ሐረግ አንብባት።"
ፊደሉን ለቀምኩት አንድ በአንድ፣ እንደ ጥሬ፦
ጉልበቱ ተፈታ።

አውቃታለሁ! የጥንቶቹ ናት፣ የጦር ሜዳ ዘፋኞች፣
በቃል የሚያወርዱ፣ የነገሥታት ግብር በላተኞች።
ጦር ያገኘው ሁሉ በነሱ አፍ እንዲህ ነው የሚወድቀው፦
ጉልበቱ ተፈታ፣ አቧራው ዋጠው።
ሲቸኩሉ ይጠሯታል፣ ሲረሱ ይደገፏታል፤
እንደ በር መቃን፣ ማን እንደጠረባት አይታወቅም፤ ሁሉም ያልፍባታል።

"ቀጥል።"
ቀጠልኩ። ጦር የለም። ጋሻ የለም።
አንዲት ሴት ተቀምጣለች፣ ጫማዋን ስትፈታ፤
ደጃፍ የቆመ ወጣት አያት፤ ጉልበቱ ተፈታ።

ያችው ሐረግ! ፊደል አልጨመረም፣ ፊደል አልቀነሰም፤
ሟቹን ብቻ ለወጠው፤ ይኸኛው ሟች አይሞትም።
አያቶቹ ሬሳ ያወጡበትን ቃሬዛ
አልጋ አደረገው።
ደግሞም ያን ረጅም ስንኝ፣ እንደ ሰልፈኛ የሚረግጠውን፣
ከወገቡ ሰበረው፤ ሁለተኛው መስመር እንዲያነክስ ተወው።

"ይሄ በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?" አለች። "ስርቆት?"
ሰምና ወርቅ ልላት አሰብኩ፤ ግን እዚህ ሰሙ አልቀለጠም፤
የሞተው ወታደር ከወጣቱ ጀርባ ቆሟል፤ አልሄደም።
"ዘረፋ" አልኳት። "እኛ ዘንድ አዲስ ቅኔ የተቀኘ
ዘረፈ ይባላል።"
"ከማን?"

ዝም አልኩ። የኔታም ይህን ጠይቀውን አያውቁም።
የትናንቱን ቅኔ ዛሬ የደገመ ከጉባኤው ይባረር ነበር፤
እነዚህ ግን ደግመው፣ ደግመው፣
በመድገም አዲስ ሆኑ። ከማን ነው የሚዘረፈው?

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት አጥፍተን ወጣን።
መንገዱ ብርጭቆ ነበር። ሄልቪ ክንዴን ያዘች፤
ከመኪናዋ ሳትደርስ፣ በሁለተኛው እርምጃ፣ ተንሸራተተች፤
ላድናት ስል ወደቅን፣ በቦርሳ በሻርፕ ተጠላልፈን፣
ከመንገድ መብራት ሥር፣ እንደ ሕፃን እግራችንን ዘርግተን።

"ተሰበርሽ?" አልኩ። (አንቺ ነው የምላት፤ እንግሊዝኛ አንቱ አያውቅም።)
ሳቀች። ትንፋሿ ነጭ ሆኖ ወጣ።
ከዚያ በጥንቱ ግሪክኛ፣ ድምጿን አስረዝማ፣
እንደ አልቃሽ ይሁን እንደ ሙሽራ አልለየሁም፣
ጉልበቷ ተፈታ፣ አለች፤
ፆታውን ብቻ ቀይራ።

ጦር አልወጋን፣ ጫማ አልፈታን፤
ይህ በረዶ ነው፤ እነዚያ አያውቁትም።
እጇን ዘረጋችልኝ፦
"አንሣኝ፤ ይኼኛውን የሚጽፍልን የለም።"