ስድስት ተኩል የለም

ሦስተኛ ቀኔ ነው ከኩሽና ጠረጴዛ፣
ፕሪንተሩ ሆዱ ተከፍቶ፣ ጣቴ እንደ መልሕቅ ደንዛዛ።
ካቻቢቴ በቀኜ፣ በአፌ የእጅ ባትሪ፣
አፍንጫዬ ላይ የዝድራቭካ መነጽር፤
ለዓይኔ አይሆንም፣ ግን የእኔ የት እንደሚቀመጥ
እሷ ነበረች የምታውቀው።

የተበጠሰው ቀበቶው ነበር።
ከቪዲን ገበያ ያገኘሁት ሌላ
ባንድ ጥርስ ይረዝማል፤
ሳብኩት፣ ወጠርኩት፣ ደገፍኩት በሞላ።
የቀለሙን ራስ በተጣራ ውሃ፣
በጥጥ ጫፍ፣ ቀስ ብዬ አጠብኩት፤
የታመመ ልጅ ጆሮ እንደሚጠርግ ሰው
ትንፋሼን ውጬ ጠበቅኩት።
ጥቁር ተፋ፤ ሰማያዊ ተፋ፤
ቢጫው እስከ ማታ እምቢ አለ።

አንዲት ጥብጣብ አለች፣ ከዳር ዳር የተወጠረች፣
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ብርሃን የምታሳልፍ፤
ዓይን የማይቆጥረው ሺህ ጭረት አለባት፤
ራሱ ሲመላለስ የቆመበትን የሚያውቀው በሷ ነው።
ቅባታም ጣቴ ነክቷት ኖሮ
እዚያች ቦታ ሲደርስ አገሩ ይጠፋበታል፤
ሮጦ ግድግዳ ይመታል፣ ቆሞ ይንቀጠቀጣል።
እኔም ከመጋቢት ወዲህ
መኝታ ቤቱ ደፍ ላይ እንደዚያ ነኝ።
ጠረግኳት።

የሙከራው ገጽ ወጣ፤
ዘጠኝ ሳጥን፣ በየሳጥኑ መስመር በመስመር ላይ፣
ጥቁሩ ወዲህ፣ ቀዩ ወዲያ፣
አጥር እንደሚጋሩ ኩርፈኞች።
«የገጠመውን ቁጥር ምረጥ» ይላል ማሽኑ።
ሞራ ለጋረደው ዓይኔ
ዘጠኙም ሁለት ሁለት ናቸው።

ሠላሳ አንድ ዓመት በዳኑብ ላይ ጀልባ መርቻለሁ፤
ብረት ጭኜ፣ ስንዴ ጭኜ፣
አንድ ጊዜም የሰርከስ ድብ፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ።
ጥልቁን ውሃ የሚነግርህ
ከዳርቻው የተተከለ ሁለት ምሰሶ ነው፤
አጭሩ ከፊት፣ ረጅሙ ከኋላ።
ሁለት ሆነው ከታዩህ ስተሃል፣ አሸዋው ይጠብቅሃል።
አንዱ ባንዱ ተጋርዶ አንድ ሲሆኑ፣
ሂድ፣ ውሃ አለህ።
በጉም፣ በስካር፣ በእንቅልፍ አውቀው ነበር ይህን።
የወረቀት ወንዝ ግን አልለመድኩም።

ራሊትሳን ጠራኋት፣ የላይኛው ፎቅ ልጅ፣
አሥራ አንድ ዓመቷ፣ ጉንጯ በሱፍ ፍሬ የተነፋ።
ገጹን ለመብራት አቀረበችው፤
ገለባውን በመዳፏ ተፋች።
«ስድስት» አለች።
ቆየችና፣ «ስድስት ተኩል የለም?»
«የለም።»
«እንግዲያው ስድስት።»

በእኛ ሰፈር የሞተ ሰው በበሩ ላይ ይለጠፋል፤
በአርባው፣ በመንፈቁ፣ በዓመቱ፤
ፎቶ፣ ስም፣ ሁለት መስመር ሐዘን።
የአርባዋ ዕለት ማሽኑ ታሞ ነበር፤
ፊቷን ደርቦ አተመው፤
ሁለት አፍንጫ፣ አራት ቅንድብ፣ የፀጉሯ ዳር ቀይ።
እያፈርኩ ለጠፍኩት።
ዝናብ መታው፣ ፀሐይ በላው።

ዛሬ መንፈቋ ነው። ስድስትን ተጫንኩ።
ራሱ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ፣
ሳይገጭ፣ ሳይዘል።
ግንባሯ ወጣ፣ ከዚያ ዓይኗ፣
አገጯ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ በቦታዋ፣
ብስክሌት የጣላት ዕለት የቀረችባት።
«ኦግንያን አያ፣ ገጠመ!» ብላ ዘለለች ልጅቱ።

ገጥሟል። ልክ ነው።
እኔ ግን ወረቀቱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።
ያችኛዋ፣ የተዛነፈችው፣
ከደጅ ስገባ ሁልጊዜ
ዞር ልትል ያለች ትመስል ነበር፣
ከኋላዋ ስሟን የጠራ ያለ ይመስል።
ይህችኛዋ አትንቀሳቀስም።

አሮጌውን ሳልልጥ አዲሱን ደርቤ ለጠፍኩ።
ራሊትሳ ራሷን አዘንብላ፣
«ጠሟል» አለች።
«ይጥመም።»

ማታ ጠረጴዛውን ስጠርግ
አንዲት ብሎን አገኘሁ፣ የምስር ፍሬ የምታህል።
ከየት እንደወጣች አላውቅም።
ከፈትኩ፣ ፈለግኩ፣ ባዶ ቀዳዳ የለም።
ማሽኑ ያለሷ ይሠራል።
ኪሴ ውስጥ ናት፤
እጄን ስከት አገኛታለሁ።