ማን አነሳው?

ሥራዬ ማንሳት ነው።
ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሳነሳ ኖርኩኝ፤
ሙሽራም አነሳሁ፣ ምሩቅም አነሳሁ፣
ሬሳም አነሳሁ ዘመዶች ሲለምኑኝ።
አንስቼ አንስቼ፣
ማክሰኞ ከሰዓት፣ ቸርችል ጎዳና ላይ፣
የማነሳበትን ከትከሻዬ አነሱኝ።

ዘዴው አዲስ አይደል፣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤
እኔም ራሴ ለሰው ስንቴ መክሬያለሁ።
አንዱ መጣ ሮጦ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ!» አለኝ፣
ኮቴን ሲጠርግልኝ «ተባረክ» እላለሁ።
ምራቅ ይሁን እርጎ እስከ ዛሬ አላውቅም፤
ነጭ ነገር ነበር፣ በሶፍት የማይለቅም።
ጎንበስ ብሎ ሲጠርግ፣ እኔም ጎንበስ ብዬ፣
ቀለል አለኝ ትንሽ የግራ ትከሻዬ።
ደግሞ ደስ ብሎኛል!
ድካሜ ነው መስሎኝ የወረደው ከላዬ።

ቀና ስል ልጁ የለም።
ሶፍቱ እጄ ላይ አለ።

ጣቢያ ሄድኩ፤ መርማሪው፣ ምክትል ሳጅን ጉርሜሳ፣
ወንበር አሳይቶኝ መዝገቡን አነሳ።
«ምን ጠፋህ?» «ካሜራ።» «ዓይነቱ?» ነገርኩት።
«መለያ ቁጥሩስ?» ዝም አልኩት።
ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ፊት ሳጠና፣
የግንባሩን መስመር፣ የሳቁን ጎዳና፣
የወይዘሮ የሺን ጥርስ፣ የአቶ ፈለቀን ጢም በቃሌ ስወጣው፣
የገዛ ዕቃዬን ሆድ ገልብጬ አላየሁ፣ ቁጥሩን ከየት ላምጣው?
«ጥቁር ነው» አልኩ ብቻ።
«ጥቁር» ብሎ ጻፈ።
አላሾፈብኝም። ጻፈ።

ለብረቱ አላለቀስኩም። ብረት ነው፣ ብርጭቆ ነው፣
ከእነ ጽጌማርያም ጋር የተጣላሁበት የስድስት ወር ዕቁብ ነው።
ግን ካርዷ፣
የጥፍሬን የምታክለው፣
ከውስጥ ነበረች እኮ። የእሑዱን ሠርግ ገና አላራገፍኩትም።
የሙሽራዋ አባት፣ አቶ ወንድይራድ፣
ምርኩዛቸውን ጥለው እስክስታ ወረዱ፤
አንዴ ነው ያነሳኋቸው። አልደገምኩትም።
ሐሙስ ማታ አረፉ።
ዓርብ ልጃቸው ደወለች።
ሥራው ማንሳት የሆነ ሰው
ስልክ ማንሳት ፈራ።

በአራተኛው ሳምንት፣ ምናለሽ ተራ፣
ከአሮጌ ራዲዮና ከፌሮ ቁራጭ መሃል
ሌንሴን አየኋት።
ከንፈሯ ላይ ጭረት አለ፤ ልጄ ኢዮስያስ በቁልፍ የጫራት።
«ስንት ነው?» «ለእርስዎ፣ አሥራ ስምንት ሺህ።»
ለእርስዎ አለኝ። ለእኔ!
«ከየት አነሳኸው?» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።
«እኔ መች አነሳለሁ፣ ጋሼ፤ የሚያነሱት እርስዎ!» ብሎ ሳቀ።
«ሌባ!» ልል አፌን ከፈትኩ፤
«አሥራ አምስት» ብሎ ወጣ።
«ከውስጧ የነበረችው ካርድስ?»
«የምን ካርድ? የስልክ?»
በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። መረቀኝም።

አሁን ብልህ ሆኛለሁ።
የአዲሱን ካሜራ ቁጥር በደብተር ጻፍኩት፣ በሚስቴ ስልክ፣ በጓዳ በር ጀርባ፤
ሌሊት ብቀሰቀስ ሳልሳሳት እወጣዋለሁ።
ሠርግ ባለቀ ለት ካርዷን ሳላራግፍ ጫማ አላወልቅም።
«ውድ ዕቃ አለብኝ» እያለ የሚጮኸው ጥቁር ቦርሳም ቀረ፤
ካሜራዬ ዘንቢል ገባች፣ ከላይዋ ሽንኩርት ለብሳ።
ዘንቢል ማን ያነሳል?

ትናንት ግን፣ ብሔራዊ ቴያትር ፊት ለፊት፣
አንዲት ልጅ ማኪያቶዋን ደፋችብኝ።
የምሯን ነው፤ የራሷም ጫማ ረጥቧል።
«ውይ ጋሼ፣ ይቅርታ!» ሶፍት ዘረጋችልኝ።
ዘንቢሌን አቅፌ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።
እጇ አየር ላይ ቀረ።
ፊቷ ላይ የሆነ ነገር መጣ፣
በሃያ ሁለት ዓመት አይቼው የማላውቅ፣
ግማሹ ሀፍረት፣ ግማሹ ለእኔ ማዘን፣
የአሥር ሰዓት ፀሐይ በጎን የነካው።
እሱን ነበር ማንሳት።

ሁለቱ እጆቼ ዘንቢል ይዘዋል።